የሞተር መተንፈሻን ቀይሮ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሞከር የሚመጡ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ባሕር ዳር ውስጥ ቤንዚን ለመቅዳት ሰልፍ ላይ የዋለ ሾፌር ነዳጅ ይቀንሳል የተባለውን ሁሉ ቢሞክር አይፈረድበትም። ከሚሞከሩት መካከል ግን ለጥገና ተመልሶ የሚመጣልኝ በአብዛኛው ፒሲቪ የሚባለው የሞተር መተንፈሻ የተነካካበት መኪና ነው። ካንዴላው፣ የአየር ፊልትሮውና የጎማው ንፋስ አስቀድመው ታይተዋል ብዬ እጀምራለሁ። የምጽፈውም ስለ ቤንዚን ሞተር ብቻ ነው፤ የናፍጣው አሠራር የተለየ ስለሆነ ከዚህ የተነበበውን እዚያ ላይ መሞከር አይገባም።

ከፒስተን ፋሻ ጎን ሾልኮ ወደ ታች የሚወርደው ጋዝ ያልተቃጠለ ቤንዚንና የውሃ እንፋሎት የተሸከመ ነው። ፒሲቪ ቫልቩ በማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮች በሚያከፋፍለው ቧንቧ) የመሳብ ኃይል ይህን ጋዝ ጎትቶ እንደገና እንዲቃጠል ይሰደዋል፤ በምትኩም ንጹህ አየር ከፊልትሮው በኋላ ካለው ቱቦ ተነስቶ በቴስታታው ክዳን በኩል ይገባል። እንግዲህ አንዱ ቱቦ ያስገባል፣ ሌላው ያወጣል። ሁለቱን ሳይለይ እጁን የሚሰድ ሰው ነው ሥራ የሚፈጥርልኝ።

ሚኒሞው ከፍ ብሏል፣ የሞተር መብራት በርቷል፣ ቤንዚንም ጨምሯል

ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ በደቂቃ 700 አካባቢ መሆን የነበረበት ዙር (ሚኒሞው) 1,200 ይደርሳል፤ ሲነሳ ያመነታል፤ ከቀናት በኋላም የሞተር መብራቱ ይበራል። መመርመሪያ ሲሰካበት ፒ0171 ይነበባል፤ ይኸውም ለገባው አየር የተረጨው ቤንዚን አንሷል ማለት ነው። ኮፈኑ ሲከፈት ቴስታታው ክዳን ላይ የምታብረቀርቅ ትንሽ ፊልትሮ ተሰክታ ትገኛለች።

ያቺን ፊልትሮ የሚሸጡት «ሞተሩን ታስተነፍሰዋለች» እያሉ ነው። የማስገቢያው ቱቦ ተነቅሎ እሷ ስትተካ ግን ቫልቩ መሳቡን አያቆምም፤ የሚሳበው አየር ብቻ የሚገባውን አየር በሚለካው ሴንሰር ፊት ማለፉ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ያልቆጠረው አየር ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፣ የጭስ ማውጫው ኦክስጅን ሴንሰር ጉድለቱን ያሳብቃል፣ ኮምፒውተሩም ለማካካስ ቤንዚን ይጨምራል። ዙሩ ከፍ ብሎ ሲቀር ደግሞ መኪናው ሰልፍ ላይ ቆሞም ይበላል።

በአንድ ክረምት ወደ ዘጌ የሚመላለስ ወጣት ቪትዙን ይዞልኝ መጣ። ፊልትሮዋን የገጠመለት ሰው የተረፈውን የመምጠጫ ቱቦ ቀዳዳ በፌስታል ጠቅልሎ በሽቦ አስሮት ነበር። ፌስታሉ ተቀዶ ግማሹ ወደ ውስጥ ተስቧል፤ በቀዳዳውም አቧራው ያለ ከልካይ ሲገባ ከርሟል። የአየር መቆጣጠሪያውን ቢራቢሮ በጣቴ ብነካው ዘይትና አቧራው ተቦክቶ እንደ ድልህ ለጠፈብኝ። ልጁ ግን «ጋሼ፣ የመጀመሪያው ሳምንት እኮ ቀንሶልኝ ነበር» አለኝ። ስጠይቀው ያን ሳምንት ሰው ሳይጭን ብቻውን ሲነዳ እንደ ሰነበተ ነገረኝ። ቀነሰ አልቀነሰ ማለት የፈለገ ሰው ታንኩን ሞልቶ፣ በተመሳሳይ ጭነት ከባሕር ዳር ወረታ ደርሶ ተመልሶ፣ በዚያው ማደያ እስኪሞላ ይቅዳ፤ ይህንንም ከቅየራው በፊትና በኋላ ደጋግሞ ያድርግ። መንገዱ በአብዛኛው ሜዳማ ስለሆነ ለንጽጽር ይመቻል።

መፍትሔው ፊልትሮዋን አውጥቶ የፋብሪካውን ቱቦ መመለስ፣ ጫፎቹን በፋሸታ (በማሰሪያ ቀለበት) ማጥበቅ፣ ቢራቢሮውን ማጠብና የተመዘገበውን ስህተት ማጥፋት ነው። ኦርጅናሉ ቱቦ ከጠፋ ዘይትና ቤንዚን የሚችል፣ የውስጥ ስፋቱም እኩል የሆነ ጎማ ይፈለግ። የውሃ ጎማ አይደረግ፤ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲሳብ ተጣብቆ ይዘጋል። የአትክልት ማጠጫ ጎማ የተገጠመለት መኪናም አይቻለሁ፤ ስለ እሱ ባልናገር ይሻላል።

ከዚያ ቫልቩ ይፈተን። ሞተሩ እየሠራ ከቦታው ነቅሎ አፉን በጣት ሲደፍኑት ጠንካራ መሳብ ሊሰማና ዙሩም በትንሹ ሊወርድ ይገባል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲወዘወዝ ቀጭ ቀጭ የማይል ቫልቭ ደርቋል። አዲስ ሲገዛም መጠንቀቅ ያሻል፤ መልኩ አንድ ዓይነት ሆኖ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ልኩን ያልጠበቀ ርካሽ ቅጂ ገበያውን ሞልቶታል። እንዲህ ያለው ሚኒሞ ላይ ከልክ በላይ ሊከፈት ስለሚችል ከትንሿ ፊልትሮ ያልተናነሰ ጥፋት ያደርሳል። በሁለት በኩል በንጹህ ቱቦ ሲነፋ እኩል የሚያሳልፍ ከሆነ ለሻጩ ይመለስለት።

የቫክዩም ጌጅ (የማኒፎልዱን የመሳብ ኃይል በሜርኩሪ ኢንች የሚለካ መሣሪያ) ላለው መካኒክ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ስለሆነች ንባቡ መጽሐፉ ከሚለው በ6 ኢንች ገደማ ያንሳል። በባሕር ጠለል ከ17 እስከ 21 የሚያነብ ጤነኛ ሞተር እዚህ ከ11 እስከ 15 ቢያነብ አይገርምም። ይህን ሳያስቡ ደህና ሞተር ያስወረዱ አሉ።

ዘይት በየቦታው ያልባል፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ተገፍቶ ይወጣል

ቫልቩ ተዘግቷል፣ ወይም ጭሱን ለማስቀረት የማኒፎልዱ ቀዳዳ በቡሎን ተደፍኗል። መውጫ ያጣው ጋዝ የዘይት ማገጃ ጎማዎችን ይገፋል። በከተማ ውስጥ አጭር አጭር ጉዞ ብቻ የሚሄድ መኪና ከሆነ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ በዘይት መሙያው ክዳን ሥር እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር ይጋገራል፤ ውሃ ከዘይት ጋር ተመትቶ ነው። ጓርኒሲዮን (በብረቶቹ መገጣጠሚያ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ከመቀየር በፊት መተንፈሻው ይከፈት። ቫልቩ ደህና ሆኖ በመሙያው በኩል ጭስ እየተመታ የሚወጣ ከሆነ ግን ፋሻው አልቋል፤ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደር ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት) ይለካ፤ እሱም በከፍታው ምክንያት ዝቅ ብሎ እንደሚነበብ አይረሳ።

ዘይት ማጠራቀሚያ ጣሳ ከተገጠመ በኋላ ሰማያዊ ጭስ

ጣሳው በቫልቩና በማኒፎልዱ መካከል፣ ቫልቩ ሳይነሳ፣ አየር ሳያስገባ ከተገጠመ ክፉ ነገር አይደለም፤ መምጠጫው በዘይት እንዳይቆሽሽ ያግዛል። ቤንዚን ሲቀንስ ግን በእጄ ባለፉት መኪኖች አላየሁም። ጭስ የሚመጣው ሳይደፋ ሞልቶ ዘይቱ ተመልሶ ሲጠጣ ነው። በክረምት በየሳምንቱ ይታይ፣ ውሃም ይገኝበታል። የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ በጣሳ ፋንታ አይታሰር፤ ሙቀቱ ያሟሽሸዋል፣ ማርሚታው አጠገብ ከሆነም እሳት ያስነሳል። ውስጡ የብረት ሱፍ ከተደረገ ብናኙ ወደ ሲሊንደር እንዳይሳብ መውጫው ላይ ወንፊት የግድ ነው።

መኪናው ውስጥ የተቃጠለ ዘይት ከሸተተ የተነቀለ የመተንፈሻ ቱቦ ይፈለግ። ሚኒሞ ላይ ፉጨት ከተሰማ የቫልቩ መቀመጫ ጎማ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ጎማው ብቻውን ይቀየራል።