ድምፅ እያሰማ ኃይል የማያሳልፈው ሪሌ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስወጣ፣ በመኪናዬ ላይ ያስጨመርኳቸው ሁለት የፊት መብራቶች ደበዘዙ፤ ማብሪያውን ስጫን ግን ሪሌው፣ ማለትም በማብሪያው ትንሽ ጅረት ታዝዞ ለመብራቶቹ ትልቁን ጅረት የሚያገናኘው መሣሪያ፣ «ጠቅ» ይል ነበር። ድምፁ የሚያረጋግጠው የውስጡ ጥቅል ሽቦ መሥራቱን ብቻ ስለሆነ፣ ጎንደር ተመልሼ መብራቶቹ እንደበሩ በቴስተር ለካሁ፦ ከባትሪው በሚገባበት በ30 ቁጥር የሪሌው እግር 12.4 ቮልት፣ ወደ መብራቶቹ በሚወጣበት በ87 ግን 7 ቮልት ብቻ አገኘሁ። ሪሌው በርቶ አምፖሎቹን ነቅዬ ብለካ ኖሮ ጉድለቱ አይታይም ነበር፤ በሪሌው ውስጥ ያለ የተቃጠለ ንክኪ (መገናኛ ነጥብ) ጭነት ከሌለበት ሙሉ ቮልት ሊያሳይ ይችላልና።

ሪሌውን ብቻ መቀየር አይበቃም ነበር። ባለ 100 ዋት የሆኑት ሁለቱ አምፖሎች የሚስቡት ወደ 17 አምፔር የሚጠጋ ጅረት በቀጭን ሽቦ ሲያልፍ ቆይቶ የሪሌውን መሰኪያ አቅልጦታል። ሪሌውንና መሰኪያውን ለወጥኩ፣ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ዘረጋሁ፣ ከባትሪው አጠገብም ባለ 25 አምፔር ፊውዝ አስገባሁ፤ ውኃ እንዳይጠራቀምበት ሪሌውን እግሮቹን ወደ ታች አድርጌ አሰርኩት። አሁን በ87 ላይ 12.1 ቮልት ይነበባል።