ፖርሽ 911 በውድድር ትራክ ላይ ሲያስቸግር፦ ዕቃ ከመቀየር በፊት ትውልዱን መለየት

የስፖርት መኪናው የፖርሽ 911 ሞተር ከመጀመሪያው ሞዴል አንሥቶ ከኋላ አክሰል በስተጀርባ ይቀመጣል፤ የሰስፔንሽኑ (ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት ክንዶች፣ ሞላና ሾክ) አሠራር ግን ብዙ ጊዜ ተለውጧል። ስለዚህ በአንዱ ትውልድ የሚሠራ መፍትሔ በሌላው ችግሩን ሊያባብስ ይችላል።

ምልክት፦ ጥምዝ መሐል እግር ከነዳጅ ፔዳል ላይ ሲነሣ የመኪናው ኋላ ወደ ውጭ ይሸሻል።

መንስኤ፦ ክብደት ወደ ፊት ሲሄድ የኋላ ጎማዎች መሬቱን የሚይዙበት ጫና ይቀንሳል፣ ከባዱ ሞተር ግን በያዘው አቅጣጫ መሄዱን ይቀጥላል። እስከ 1989 እ.ኤ.አ. በተመረቱት፣ በቶርሽን ባር (በመጠምዘዝ እንደ ሞላ በሚያገለግል የብረት ዘንግ) በሚሠሩት መኪኖች የኋላውን ጎማ የሚይዘው አንድ ሰያፍ ክንድ ስለሆነ አካሉ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ቶውም (ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያመለክትበት አንግል) ካምበሩም (ጎማው ወደ ጎን የሚያዘነብልበት አንግል) ይለዋወጣሉ፤ ያረጀ ጎሚኒ (የክንዱ መገጣጠሚያ ላስቲክ) ሲጨመርበት ደግሞ ጎማው ወዴት እንደሚያመለክት እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ቀጥሎ የመጣው 964 የተባለው ትውልድ ቶርሽን ባሩን በሞላ ቢተካም የክንዱን ዓይነት ግን አልለወጠም፤ ይህን ጠባይ በእጅጉ ያረገበው የተከታዩ ትውልድ፣ የ993፣ ባለ ብዙ ክንድ የኋላ አክሰል ነው።

መፍትሔ፦ በመጀመሪያ ጎሚኒዎቹን፣ ቀጥሎ የኋላውን ቶ፣ ከዚያም የጎማውን ዕድሜ መርምሩ። ብዙዎች በቅድሚያ ወፍራም የኋላ ስታቢላይዘር (ግራና ቀኙን አገናኝቶ የአካሉን ማዘንበል የሚገታ ዘንግ) ይገጥማሉ፤ ይህ ግን የኋላውን መያዣ ጉልበት ስለሚቀንስ ለዚህ በሽታ የተገላቢጦሽ መድኃኒት ነው።

ምልክት፦ መሪ ቢጠመዘዝም ፊቱ አይታዘዝም፤ የፊት ጎማዎችም የውጭ ጠርዛቸው ቶሎ ያልቃል።

መንስኤና መፍትሔ፦ የፊቱ የማክፈርሰን ስትራት (ሾክና ሞላን አንድ ላይ የያዘ ምሰሶ) አካሉ ባዘነበለ ጊዜ በቂ ኔጌቲቭ ካምበር (የጎማው አናት ወደ ውስጥ ማዘንበል) ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ኔጌቲቭ ካምበር መጨመር፣ ካልበቃም የፊቱን ስታቢላይዘር ማለስለስ ይጠቅማል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የ992 ትውልድ ጂቲ3 (ለትራክ የተዘጋጀው የ911 ዓይነት) ግን የፊት ጎማውን ከላይና ከታች በሁለት ክንዶች የሚይዝ በመሆኑ፣ የቀደሙትን ጂቲ3ዎች ልኬት እንዳለ ገልብጦ እርሱ ላይ ማዋል ስሕተት ነው።

ምልክት፦ ዝቅ የተደረገ መኪና የትራኩን ጠርዝ ሲረግጥ ይዘላል።

መንስኤና መፍትሔ፦ ሾክ አብዞርበሩ የመንቀሳቀሻ ርቀቱን ጨርሶ በማቆሚያው ላስቲክ ላይ አርፏል። በዘንጉ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አስራችሁ ጥቂት ዙር ንዱ፤ ማሰሪያው እስከ ላስቲኩ ከተገፋ ከፍታውን ጨምሩ፣ ወይም ጠንከር ያለ ሞላ ከሚመጥነው ሾክ ጋር ግጠሙ።

ከ997 ትውልድ ወዲህ በኤሌክትሮኒክ የሚቆጣጠር ሾክ የነበረው መኪና ተራ ሾክ ሲገጠምለት የማስጠንቀቂያ መብራት ቢበራ፣ የጎደለው የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ማስተካከል ነው እንጂ አዲሱ ዕቃ ተበላሽቶ አይደለም።

ሁለት ትውልዶችን በዙር ሰዓት ስታወዳድሩ ልዩነቱን ለሰስፔንሽኑ ከመስጠታችሁ በፊት ጎማቸው አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ፤ ግፊቱንም ከትራክ እንደወጡ፣ ጎማው ሳይቀዘቅዝ ለኩ።