በእጅ የተሠራ የመልካም ምኞት ካርድ ዋጋ አወጣጥ

መጀመሪያ የአንዱን ካርድ ወጪ ለዩ። ከአንድ ኤ4 ወፍራም ወረቀት 2 ታጣፊ ኤ6 ካርዶች (ሲታጠፉ የኤ4 ሩብ የሚያህሉ) ስለሚወጡ የወረቀቱን ዋጋ ለ2 አካፍሉ። ለኤ6 ካርድ የሚሆነው ሲ6 ፖስታ፣ ሙጫው፣ ሪባኑና ላስቲክ መሸፈኛው ይደመሩበት። ብዙዎች የሚረሱት የተበላሸውን ነው፤ ከ10 ካርድ 1 ቢበላሽ ወጪውን የሚሸከሙት የቀሩት 9 ናቸው።

ጊዜ ስትለኩ 10 ካርድ በአንድ ላይ ሥሩ። 150 ደቂቃ ከፈጀ ለአንዱ 15 ደቂቃ፣ ማለትም የሰዓት ክፍያችሁ ሩብ ይታሰባል።

ሱቆች ብዙውን ጊዜ የሚረከቡት በችርቻሮ ዋጋው ግማሽ ነው። ግማሹ ወጪንና ድካምን ካልሸፈነ ንድፉን አቅልሉት፤ ጊዜ የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ጥቃቅኑ ቅጥያ ነው። በባዛር ስትሸጡም ሱቁ ለደንበኛ ከሚሸጥበት ዋጋ አትውረዱ፤ ባለሱቁ ካወቀ ዳግመኛ አያዝዝም።