ሊዝ ሳያልቅ ቤት ሲለቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት ተከራይተው የዓመት ሊዝ (የኪራይ ውል) ፈርመዋል እንበል። ግማሹ ሳይደርስ ሥራ ይቀራል፣ ወይም ሮሜትዎ (ቤቱን አብሮዎት የተከራየው ሰው) «አትላንታ ልሄድ ነው» ይላል። ያኔ መካሪ ሞልቷል። አንዱ «ቁልፉን ጥለህ ውጣ» ይላል። ሌላው «አንዴ ፈርመሃል፣ እስከ መጨረሻው ትከፍላለህ» ይላል። ሁለቱም አያዋጡም። እዚህ በዋናነት የማወራው ስለ ሜሪላንድ፣ በተለይም ስለ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ዲሲና ቨርጂኒያ የራሳቸው ሕግ ስላላቸው በየመሃሉ አነሳቸዋለሁ።

ስህተት 1፦ ሳይናገሩ ውልቅ ማለት

ቁልፉን የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መጥፋት ለጊዜው ይገላግላል። ኪራዩ ግን መቁጠሩን ይቀጥላል። ቆይቶ ዕዳው ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት እጅ) ይገባል፣ ክሬዲት (የዕዳ አከፋፈል ታሪክዎ) ይበላሻል፣ ቀጣዩ አከራይም ያየዋል።

ይህ ማለት ግን አከራዩ ቁጭ ብሎ የቀሩትን ወራት በሙሉ ይቀበላል ማለት አይደለም። በሜሪላንድ ሕግ ቤቱን መልሶ ለማከራየት ተገቢውን ጥረት ማድረግ አለበት። ሊዙ ላይ ተከራዩ ይህን መብቱን እንደተወ የሚገልጽ አንቀጽ ቢኖር እንኳ አይጸናም። ቨርጂኒያና ዲሲም ተመሳሳይ ግዴታ አለ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ሕንፃው ውስጥ ሌሎች ባዶ ቤቶች ካሉ፣ የሜሪላንድ አከራይ የእርስዎን አስቀድሞ የማሳየት ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ክሬዲቱ ጥሩ የሆነና ሊገባ የፈለገ ሰው ራስዎ ፈልገው ቢያቀርቡ ነገሩ ቶሎ ያልቃል።

ስህተት 2፦ ሊዙን ሳያገላብጡ መደራደር

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የሚፈረም የቤት ኪራይ ሊዝ፣ ከተከራዩ ቁጥጥር ውጭ በሆነ ምክንያት ውሉን በ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ማቋረጥ እንደሚቻል የሚገልጽ አንቀጽ እንዲኖረው የካውንቲው ሕግ ያዛል። ከሥራ መባረር ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ሳይፈልጉ ከዋሽንግተን አካባቢ ውጭ ለሥራ መዛወርም እንዲሁ። የቤተሰቡ ዋና ደሞዝተኛ ከሞተም ይሠራል። አከራዩ በዚህ መንገድ ለወጣ ሰው የሚያስከፍለው የማቋረጫ ክፍያ ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ሊሲንግ ኦፊስ (የሕንፃው አከራይ ቢሮ) ሄደው «ሥራዬን አጣሁ» ሲሉ «ሁለት ወር ከፍለህ ውጣ» ከተባሉ፣ መጀመሪያ ይህን አንቀጽ አውጥተው ያሳዩ። ከሥራ የተሰናበቱበትን ደብዳቤም አያይዙ።

«ቤት ገዛሁ» ወይም «ሰፋ ያለ አገኘሁ» ግን እዚህ ውስጥ አይገባም። ያ የራስ ምርጫ ነው። እንዲህ ከሆነ በስምምነት ወይም ሊዙ ላይ በተቀመጠ የመውጫ ክፍያ መጨረስ ነው።

በነገራችን ላይ በካውንቲው ውስጥ እንደ ታኮማ ፓርክ ያሉ ከተሞች የራሳቸው የተከራይ ሕግ አላቸው። ፖስታዎ ላይ የተጻፈው ከተማ ደግሞ ሁልጊዜ ትክክለኛውን ወሰን ስለማያሳይ፣ ቤትዎ በየትኛው ከተማ ሕግ ሥር እንደሆነ ያጣሩ።

ስህተት 3፦ በቃል መጨረስ

«ኦፊስ ያለችዋ ልጅ ችግር የለም ብላኛለች» አይሠራም። ልጅቷ በሚቀጥለው ወር እዚያ ላትኖር ትችላለች። በጽሑፍ ያሳውቁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ላይ ስምዎን፣ የቤት ቁጥርዎን፣ የሚወጡበትን ቀን፣ ምክንያቱንና አዲሱን አድራሻዎን ይጻፉ። በኢሜልም በሰርቲፋይድ ሜይልም (መላኩን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ባለው ፖስታ) ይላኩት። ቀኑንም ያስሉ። በብዙ ሊዞች ማስጠንቀቂያው የሚቆጠረው ከወር መጀመሪያ ስለሆነ፣ በወሩ 3ኛ ቀን የገባ ደብዳቤ አንድ ሙሉ ወር ኪራይ ሊያስጨምር ይችላል። ስምምነት ላይ ከደረሱ ደግሞ «ከዚህ በኋላ ዕዳ የለበትም» የሚል የተፈረመ ወረቀት ሳይዙ አይውጡ።

ስህተት 4፦ «ሐኪሜ ጽፎልኛል» ብሎ መተማመን

የሜሪላንድ ሕግ በጤና ምክንያት የሚወጣ ተከራይ፣ ከወጣ በኋላ የሚጠየቀው ኪራይ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያደርጋል። ግን «ታማለች» የሚል ወረቀት ብቻውን በቂ አይደለም። ለምሳሌ ሦስተኛ ፎቅ ያለ አሳንሰር የሚኖሩ፣ ጉልበታቸው የደከመ እናት ካሉ፣ የሐኪሙ ደብዳቤ ሕመሙ ቤቱ ውስጥ መንቀሳቀስን ወይም ከቤቱ መግባት መውጣትን በእጅጉ እንደከለከላቸው መግለጽ አለበት። ወይም የተሻለ እንክብካቤ ወደሚያገኙበት ተቋም መግባት እንዳለባቸው። ሐኪሙ ሕጉን አያውቅም፤ ምን መጻፍ እንዳለበት የሚነግሩት እርስዎ ነዎት።

ስህተት 5፦ ቤቱን ለአገር ልጅ በቃል ማስረከብ

በእኛ ሰው ዘንድ የተለመደ ነው። እሱ ይገባል፣ እርስዎ ይወጣሉ፣ ኪራዩ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ይላካል። አከራዩ ግን የሚያውቀው እርስዎን ነው። ልጁ ባይከፍል ፍርድ ቤት የሚጠሩት እርስዎ ነዎት። ሁለት ሰው የፈረመበት ሊዝም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ቢሄድ የቀረው ሙሉ ኪራዩን ይጠየቃል። አከራዩ በጽሑፍ ተስማምቶ ስምዎን ከሊዙ ካላወጣ፣ ወጥቻለሁ አይበሉ።

ስህተት 6፦ ቤቱ ተበላሽቷል ብሎ ኪራይ ማቆም

ማሞቂያው ሞቷል፣ አይጥ ገብቷል፣ ማንም አይሰማዎትም። ኪራይ ዝም ብለው ቢያቆሙ ግን ተከሳሹ እርስዎ ይሆናሉ። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ኪራዩን ለፍርድ ቤት የሚያስገቡበት መንገድ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ከባድ ጉድለት ከሆነ በጽሑፍ አሳውቀው አከራዩ በ21 ቀን ካላስተካከለ፣ ማስጠንቀቂያው ከደረሰው ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ሊዙ እንዲቋረጥ ማድረግ ይቻላል።

ስህተት 7፦ ዲሲ ውስጥ ሳይገደዱ እንደገና መፈረም

የመጀመሪያው ሊዝ ሲያልቅ «አዲስ ፈርም» የሚል ወረቀት በር ስር ይገባል። አለመፈረም ይችላሉ። ውሉ በራሱ ወር በወር ይቀጥላል፣ ሲፈልጉም በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይወጣሉ።

ስህተት 8፦ ዲፖዚቱን (ሲገቡ ያስያዙትን ገንዘብ) የመጨረሻ ወር ኪራይ ማድረግ

«እነሱ ጋ ያለኝን ይያዙት» ማለት ባልተከፈለ ኪራይ መከሰስን ይጋብዛል። ይልቅ ከመውጣትዎ ቢያንስ 15 ቀን በፊት በሰርቲፋይድ ሜይል ቀኑንና አዲሱን አድራሻ ከላኩ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቤቱ ሲፈተሽ የመገኘት መብት አለዎት። አከራዩ ዲፖዚቱን በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ከያዘው እስከ ሦስት እጥፍ ሊጠየቅ ይችላል።

ሞንትጎመሪ ውስጥ ከተጣሉ 311 ደውለው የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮን ይጠይቁ። የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚፈልጉም ይንገሯቸው። አቤቱታ ማስገባት በነፃ ነው።