በተራራማ አገር ከመብረቅና ከድንገተኛ ጎርፍ መጠንቀቅ

በሙቀት ወራት መገባደጃ፣ በፀሐይ የጋለ ተራራ እርጥብ አየርን ወደ ላይ ስለሚያነሣ ነጎድጓዳማ ደመና አብዛኛውን ጊዜ የሚከማቸው ከቀትር በኋላ ነው፤ ስለዚህ ማልደው ይጓዙና ከቀትር በፊት ከተራራው ጫፍ ይውረዱ። ከብልጭታው በኋላ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ነጎድጓድ ከተሰማ መብረቁ ቀርቧልና ከገላጣ ሸንተረር ይራቁ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ጎርፉ ነው፤ በላይኛው ተፋሰስ የዘነበ ዝናብ፣ እርስዎ ካሉበት በላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ እንኳ፣ በጠባብ ሸለቆ ተጠራቅሞ በደቂቃዎች ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ጅረቱ ከደፈረሰ፣ ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ ወይም ከላይ የሚያጓራ ድምፅ ከተሰማ ዕቃዎን ትተው ወዲያውኑ ወደ ዳገቱ ይውጡ። 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውኃ ሰውን ሊጥል፣ 60 ሳንቲ ሜትሩ ደግሞ አብዛኛውን መኪና ሊወስድ ስለሚችል፣ እባክዎ አይሻገሩ። ድንኳንም በደረቅ ወንዝ ውስጥ አይትከሉ።