ለበረዶው ወራት የልጆች መጽሐፍ ስትመርጡ፦ ከወሎ በቅርብ ለመጣችሁ

ሚኒሶታ በገባን በመጀመሪያው ታኅሣሥ ልጄ በመስኮት ወደ ውጭ አየችና «እማዬ፣ መሽቷል፤ እንተኛ» አለችኝ። ሰዓቱ ገና አሥራ አንድ አልሞላም። ደሴ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ እዚህ ታኅሣሥ ላይ አሥር ሰዓት ተኩል ሲል ጨለማ ይጀምራል። እስከ መኝታ ያለውን ያን ሁሉ ሰዓት በምን እንደምናሳልፈው ጨነቀኝ። መጽሐፍ ቤታችን የገባው ያኔ ነው።

ይህን የምጽፈው ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያ፣ ከሐይቅ፣ ከላሊበላ ልጅ ይዛችሁ ለመጣችሁ ነው። መጽሐፍ ስትመርጡ «እንግሊዝኛዬ ይበቃ ይሆን?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ይህን በአማርኛ ላወራው እችላለሁ?» ብላችሁ ጀምሩ። እኔ የጀመርኩት በተቃራኒው ነበር። አንዲት መምህርት ቤትም በእንግሊዝኛ ብቻ እንዳነብላት መከረችኝ፤ ሁለት ወር ሞከርኩ። እየተንተባተብኩ ሳነብ ልጄ ከጭኔ ላይ ተንሸራታ ትሄድ ነበር። አንድ ማታ ደክሞኝ ሥዕሉን እያሳየሁ በራሴ ቋንቋ ማውራት ስጀምር ተመልሳ መጣች። እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤት ሰጥቷታል፤ ከእኔ የምትፈልገው ሌላ ነበር።

አስቀድመን ቃሉን እናጥራው። መዝገበ ቃላት «ዊንተር»ን «ክረምት» ይለዋል። ልጃችሁ የሚያውቀው ክረምት ግን ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ ሐረጎ ላይ የተኛ ጉም። ነጭ በነጭ የሆነ ሥዕል እያሳያችሁ «ክረምት ነው» ብትሉት ግራ ይገባዋል። እኔ «የበረዶ ወራት» እላለሁ። «በረዶ» ራሱም ብዙ ይሸከማል። ቆርቆሮውን እየደበደበ የሚወርደውም፣ እንደ ባዘቶ ጥጥ ዝም ብሎ የሚያርፈውም፣ ሐይቅ ላይ የሚጋገረውም ስማቸው አንድ ነው። መጀመሪያ በረዶ የጣለ ቀን ልጄ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ድምፁን እየጠበቀች ነበር። ምንም አልተሰማም። ከዚያ ወዲህ በየመጽሐፉ «ይኼኛው የቱ በረዶ ነው?» ብላ ሳትጠይቅ ገጽ አታስገልጥም፤ ጠጣሩን፣ ባዘቶውንና የተጋገረውን እየለየን እንሄዳለን።

ለብርድ ደግሞ እኛም ባዳ አይደለንም። ከደላንታ፣ ከዋድላ፣ ከመቄት የመጣ ሰው ኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ ላይ የሚነጣውን ውርጭ ያውቀዋል። ከላሊበላ በላይ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ብርዱ የሌላ ሰው ብቻ እንዳይመስላቸው።

ከሁሉ አስቀድማችሁ አንድ መጽሐፍ ብቻ የምትዋሱ ከሆነ የኤዝራ ጃክ ኪትስን «ዘ ስኖዊ ደይ» ጠይቁ። የወጣው በ1962 ነው፤ በዓመቱ በአሜሪካ ለሥዕል መጻሕፍት የሚሰጠውን የካልዴኮት ሜዳልያ አገኘ። የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2020 125ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ በታሪኩ ከሁሉ በላይ የተዋሱት መጽሐፍ ይኸው እንደሆነ አስታውቋል። እኔ የምወደው ግን ለሌላ ነው። ፒተር ጥቁር ልጅ ነው፤ ቀይ የብርድ ልብሱን ለብሶ ይወጣል፣ ዱካውን እያየ ይራመዳል፣ በእንጨት ዛፉን መትቶ በረዶውን ራሱ ላይ ያራግፋል። ሲመለስ ለነገ ብሎ አንድ ድብልብል በረዶ ኪሱ ውስጥ ይከታል። ከመተኛቱ በፊት ኪሱን ሲያየው ባዶ ነው። እዚህ ገጽ ላይ መጽሐፉን ዘጋ አድርጋችሁ «የት ሄደበት?» በሉ። ከዚያ እናንተ በልጅነታችሁ ነሐሴ ላይ በረዶ ሲጥል በኩባያ ለቅማችሁ፣ ለአባታችሁ ልታሳዩ ስትሮጡ ውሃ ሆኖ የቆያችሁን ቀን ንገሯቸው። ልጄ ይህን ታሪክ ከመጽሐፉ ለይታ አታውቀውም፤ ፒተር ደሴ የኖረ ይመስላታል።

ማንበብ ራሱ የሚከብዳችሁ፣ ወይም አያት ከእናንተ ጋር ከመጡ፣ ጽሑፍ የሌለው መጽሐፍ ፈልጉ። የሬይመንድ ብሪግስ «ዘ ስኖውማን»፣ በ1978 የወጣው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሥዕል ብቻ ነው። እማማ በአማርኛም በኦሮምኛም እንደፈለጉ ያወሩታል፤ ማንም «ተሳሳቱ» አይላቸውም። መጨረሻው ላይ የበረዶው ሰው ይቀልጣል። ሆደ ባሻ ልጅ ካላችሁ አስቀድማችሁ እዩትና አብራችሁት ሁኑ።

ቤት የሚመታ የእንግሊዝኛ ግጥም ያለበትን ለቤተ መጻሕፍቱ የንባብ ሰዓት ተዉት፤ ሲተረጎም ይሞታል። ቃሉ የበዛውንም እንዲሁ። እኔ መደርደሪያው አጠገብ ቆሜ ሦስት ገጽ በሹክሹክታ በአማርኛ አወራዋለሁ። ከተቃናልኝ እወስደዋለሁ፣ ከተንገዳገድኩ እመልሰዋለሁ። ከሦስት ዓመት በታች ላሉት ወፍራም ካርቶን ገጽ ያለው፣ ጓንት፣ ካልሲና ቦት የሚያሳይ ይበቃል፤ ጠዋት ሲለብሱ ያንኑ ስም ደግማችሁ ትጠሩላቸዋላችሁ።

የእኛው የብርድ ተረትም አለን። ጌታው አሽከሩን «ያለ ልብስ፣ ያለ እሳት ተራራው ጫፍ ላይ ካደርክ መሬትና ከብት እሰጥሃለሁ» ይለዋል። አሽከሩ አንድ ሽማግሌ ያማክራል፤ ሽማግሌው ከሸለቆው ማዶ እሳት ያነድለታል። ያን እሳት ከሩቅ እያየ ያድራል። ጌታው ሲሰማ «እሳት አይተሃል፣ ሞቆሃል» ብሎ ይክደዋል፤ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። በኋላ አንድ ሰው ጌታውንና ዳኛውን ግብዣ ይጠራቸዋል፤ የወጡ ሽታ ይመጣል፣ ወጡ አይመጣም። «ከሩቅ የታየ እሳት ካሞቀ፣ የወጥ ሽታም ያጠግባል!» አያቴ ተራራውን ጦሳ ነበር የምትለው። ተረቱን ሃሮልድ ኩርላንደርና ወልፍ ሌስላው በ1950 በእንግሊዝኛ አሳትመውታል፤ ኢትዮጵያ ያደገችው ጄን ኩርትዝም በ1994 ለልጆች በሥዕል መጽሐፍ አውጥታዋለች። ቤተ መጻሕፍታችሁ ባይኖረው ከሌላ ቅርንጫፍ እንዲያስመጡላችሁ ጠይቁ። መብራቱን ቀነስ አድርጋችሁ «ተረት ተረት» በሉ፤ «የላም በረት» የሚል ልጅ ማዶ መስኮት ላይ የበራውን የጎረቤት መብራት እሳቱ አድርጎ ያየዋል። የእኔዎቹ ያደርጉታል።

በዓል ላይ ብዙ አልጨነቅም። ዲሴምበር መደርደሪያው የ25ቱ የገና መጽሐፍ ብቻ ይሆናል። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ጃንዋሪ 7 መሆኑ ነው። ስለዚህ ላሊበላ ስለሚያድረው ሕዝብ የምታወሩበት ሁለት ሳምንት ገደማ አላችሁ። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ አሁን ከበረዶው ወራት ገብቷል፤ በፈረንጆቹ 2030 እንዲያውም ሁለት ጊዜ፣ ጃንዋሪና ዲሴምበር ላይ ይጀምራል። የጨረቃና የፋኖስ መጻሕፍቱንም አብራችሁ ተዋሱ። ወሎ ላይ የጎረቤትን በዓል ሳያውቅ ያደገ ልጅ የለም፤ እዚህም ሁለቱንም ይስሙ።

መዋሻ ካርዱ በነፃ ነው፤ ብዙውን ጊዜ መታወቂያና አድራሻችሁ ያለበት ደብዳቤ ይበቃል። ብዙ ከተሞች የመዘግየት ቅጣት አንስተዋል፤ ካልጠፋ ወይም ካልተቀደደ አትፍሩ። አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ፣ ብርዱ የሚመጣባችሁ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነውና እዚያ «ክረምት» ብትሉ ከአገር ቤቱ ወር ጋር ይገጥምላችኋል። ሰሜን ያለን ግን መጽሐፉን ጥቅምት መጨረሻ ላይ እናስይዝ፤ የመጀመሪያው በረዶ ከጣለ በኋላ መደርደሪያው ባዶ ነው።