ድንች በደሴ ጓሮ

በደሴና በአካባቢዋ ደጋ ድንችን በጓሮ ለማልማት የሚሻ ሰው፣ የበልጉ ዝናብ ከመግባቱ አስቀድሞ የእንቁላል መጠን ያላቸውን ጤነኛ የዘር ድንቾች፣ ብርሃን እንጂ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኛቸው ስፍራ በስሱ ዘርግቶ እንዲያጎነቁሉ ማድረግ ይኖርበታል። በጨለማ የቆየ ጉንቁል ነጭና ረጅም ሆኖ ሲነኩት ስለሚሰበር፣ አጭሩና ወፍራሙ ይመረጣል።

በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ተክሉ አንድ ስንዝር ሲደርስ አፈር ማስታቀፍ፣ ማለትም በግንዱ ዙሪያ አፈር መከመር፣ ያስፈልጋል፤ ብርሃን ያገኘው ድንች አረንጓዴ ሆኖ ይመራል፣ መርዛማነትም ስላለው ለወጥ አይውልም።

ለአልጫው ሽንኩርቱ ሳይጠቁር ከበሰለ በኋላ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ይገባል፤ ድንቹ በጥቂት ሙቅ ውሃ ይበስላል። ቃሪያው፣ በእኔ አስተያየት፣ ድስቱ ሊወርድ ሲል ቢጨመር መዓዛው አይጠፋም።